የስኩተሬ ቀለምና የእድሩ ድንኳን

ከእንግዲህ ፕላስቲክ የሆነ ነገር ላልቀባ ምያለሁ። ወንበር ቢሆን፣ ባልዲ ቢሆን፣ የሕፃን መጫወቻም ቢሆን አልቀባም። ቂም ይዤ የምጽፍ ግን እንዳይመስላችሁ፤ ተመስገን እያልኩ ነው። ሁላችንም በሕይወት አለን። እናቴ አለች፣ እኔም አለሁ፣ ስኩተሯም በሌላ ሰው እጅ ብትሆንም አለች። በዚህ መጀመሬ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

የምኖረው ጌጃ ሰፈር፣ በሩ በቀጥታ ወደ መንገድ በሚከፈት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የምሠራው ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ ክስና ማመልከቻ በሚጻፍበት አንድ ጠባብ ቢሮ ነው። የሰው ጠብ ስተይብ እውላለሁ ማለት ነው። ከቤቴ እስከ ቢሮዬ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። «ታዲያ ስኩተር ምን ያደርግልሃል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እናቴም ያለችው ይህንኑ ነበር። አንድ ቀን ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ አንድ ጎልማሳ ከረባቱ ትከሻው ላይ እየተውለበለበ በስኩተር ሽው ብሎ ሲያልፍ አየሁና እንደሱ መሆን አማረኝ። ምክንያቱ ይኸው ነው። ከረባት እንኳን የለኝም።

እናቴ የምትኖረው አስኮ ነው። የደም ግፊት አለባት። ስኩተሯን መጀመሪያ ያየች ቀን ደጄ ላይ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻትና፣ «ይቺ ነገር አንተን የጣለችህ ቀን የምትገድለው እኔን ነው። እወቀው» አለችኝ።

«እማዬ ደግሞ፣ ቀስ ብዬ እኮ ነው የምነዳት።»

«አንድ ቀን ከወደቅክ ትሸጣታለህ። ማልልኝ።»

«በልደታ ማርያም» ብዬ ማልኩ። ሰው ሲምል የማይወድቅ ይመስለዋል።

በሦስተኛው ወር ወደቅኩ። በፍጥነት ስከንፍ ወድቄ ቢሆን ለወሬ ይመች ነበር፤ እኔ የወደቅኩት ቆሜ ነው። መብራት ይዞኝ እግሬን መሬት ላሳርፍ ስል መሬቱ እዚያ አልነበረም። ጉድጓድ ነበር። ስኩተሯ ቀስ ብላ በግራ ጎኗ ተኛች። እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ሲያምባርቀው ደንግጬ መያዣውን ጨበጥኩትና ነዳጅ ሰጠኋት። እንደተኛች አስፋልቱ ላይ አንድ ዙር ዞረች። እኔ ጭረት እንኳን አልነካኝም። የእሷ ግን የግራ ጎኗ ፕላስቲክና የፊት ጎማዋን የሚሸፍነው ፓራፋንጎዋ ተፋቁ፤ ጥቁሩ ቀለም ተገሽልጦ ነጩ ወጣ።

እናቴ ደግሞ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ልደታን ለመሳለም ትመጣለች። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣች እኔ ጋ ጎራ ትላለች። የሚቀጥለው ወር የሚገባው ሰኞ ነበር። ጋራዥ ሄጄ ብጠይቅ ባለሙያው ጎኗን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ «በአሥር ቀን ተመለስ» አለኝ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። እንግዲህ እናቴ ሳትደነግጥ፣ እኔም ስኩተሬን ሳላጣ የምንተርፈው ራሴ ቀቢ ከሆንኩ ብቻ ነው።

በስልኬ ላይ ይህንኑ የሚያስተምር አንድ የፈረንጅ ወጣት አገኘሁ። ፕላስቲኩን ፍታው፣ በሳሙና እጠበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ጥረገው፣ መጀመሪያ በሚረጭ ጣሳ ግራጫውን መነሻ ቀለም ንፋበት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ዋናውን ቀለም ንፋ ይላል። ሲያዩት ጨዋታ ነው። ወጣቱ የሚቀባበት ጋራዥ ወለሉ ላይ ሕፃን ማስተኛት ይቻላል። ደጋግሞ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ የቀለም ጠላቱ አቧራ ነው። የፈረንጅ አገር አቧራ ምን ያህል እንደሆነ እንጃ፤ የጌጃ ሰፈርን አቧራ ግን አያውቀውም።

ዓርብ ከሥራ መልስ ፈታኋት። ወጣቱ አሥራ አራት ብሎን ፈታ፤ እኔ ሃያ ሁለት ፈታሁ። ስምንቱ ከየት እንደመጡ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎንና ጎኗን፣ ፓራፋንጎዋን፣ የመብራቷን ዙሪያ ሁሉ አውልቄ በሳፋ አጠብኩ። ከአንዱ ይልቅ ሁሉንም ብቀባ አንድ መልክ ይኖራቸዋል ብዬ ነው። የተራቆተች ስኩተር ታሳዝናለች። ሽቦና ብረት ብቻ ቀርታ ደጄ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ስትቆም፣ የጭነት መኪና የበላት ነው የምትመስለው። ይህን ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ከእንባ ይድን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሞከርኩ። ሁለት ጊዜ ነፋ ነፋ እንዳደረግኩ ራሴን አዞረኝና ቁም ሳጥኑን እንደምን አደርክ ልለው ምንም አልቀረኝም። ወደ ደጅ ወጣሁ። ደጅ ላይ ፓራፋንጎው አማረልኝ፤ እውነቴን ነው፣ ለስላሳ ሆኖ ነበር። ከዚያ አንድ አሸዋ የጫነ መኪና አለፈ። አቧራው ሲሰክን ዝንብ መጣችና እርጥቡ ቀለም ላይ አረፈች። ልትነሳ ስትል እግሯ እምቢ አላት። ላድናት ብዬ ጣቴን ስሰድ አውራ ጣቴ ታተመ። ዝንቧንም፣ አቧራውንም፣ አሻራዬንም እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ረፈደ።

ወደ ወጣቱ ተመለስኩ። ለካ ለእንዲህ ያለው ነገርም መላ አለው፤ በትንሽ ድንኳን ውስጥ ቀቡ ይላል። ድንኳን! ጌጃ ሰፈር ውስጥ ድንኳን ያለው ማን ነው? እድራችን ነዋ።

የእድሩን ንብረት የሚጠብቁት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በእሳቸው ቁልፍ ነው ያለው። ስደርስ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጋዘኑን እየቆለፉ ነበር።

«ጋሽ ታደሰ፣ ትንሿን ድንኳን ለግማሽ ቀን ቢያውሱኝ ብዬ ነው።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን ገጠመህ ልጄ?»

«ኧረ ምንም! የስኩተሬን ፕላስቲክ ልቀባባት ነው። አቧራ እንዳይነካብኝ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ድንኳን ሳውስ ኖሬያለሁ። ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና ሰጥቻለሁ። ለስኩተር ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ» አሉና ሳቁ። «በል ና፤ ቢሾፍቱ ሠርግ አለብኝ፣ ሳልሄድ እንትከላት። በሩ ላይ ግን ‹ለቅሶ አይደለም› ብለህ ጽፈህ ለጥፍ። ሰው ይደነግጣል።»

«እጽፋለሁ» አልኩ።

ተከልናት፤ እሳቸውም ሄዱ። እኔም ካርቶን ቀድጄ ጻፍኩ። የጻፍኩት ግን፣ «እባክዎ ወደ ውስጥ አይግቡ» ብዬ ነው። ሐሳቤ ሁሉ አቧራው ላይ ነበር። ስንቱን የክስ ማመልከቻ አሳምሮ የተየበ እጅ ሁለት ቃል ጠፋው።

ድንኳኑ ውስጥ ደስ ይላል። ነፋስ የለም፣ ዝንብ የለም። ፕላስቲኮቹን በሲባጎ ከምሰሶው ላይ አንጠለጠልኩ፣ መጋረጃውን ከውስጥ አሰርኩ፣ ማስክና የዋና መነጽር አደረግኩ፣ ወጣቱን በጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩና መንፋት ጀመርኩ። ከዚህ በኋላ ውጭ የሆነውን የሰማሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ በሰማሁበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በሆነበት ላውጋችሁ።

ከፊት ለፊቴ የሚኖሩት እትዬ ጽጌ ናቸው። እናቴ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታ፣ «ልጄን አደራ» ያለቻቸው ሴት ናቸው። ከገበያ ሲመለሱ ድንኳን አዩ። ድንኳኑ የተተከለው በእኔ በር ላይ ነው። ከአጠገቡ ትናንት ሙሉ የነበረችው ስኩተር አጥንቷ ቀርቶ ቆማለች። የተለጠፈውን አነበቡ። ጎመኑን እዚያው ጣሉት። «ወደ ውስጥ አይግቡ ያሉት የሚታይ ነገር ስላልተረፈው ነው» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ጩኸቱን ሰምተው ጋሽ ይርጋ መጡ። ጋሽ ይርጋ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ሰፈሩን እየዞሩ የሚያስታውቁት እሳቸው ናቸው። ሳይነፉ ድንኳን ተተክሎ ሲያዩ ሐዘኑ ቀርቶ ሐፍረት ያዛቸው። እሳቸው ሳያውቁ የሞተ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም። ሮጠው ጡሩምባቸውን አመጡና ያለፈባቸውን ለማካካስ ይመስላል፣ ከወትሮው እጥፍ ነፉ። እኔ ያኔ ጆሮዬ ውስጥ ወጣቱ፣ «አትቸኩሉ» እያለኝ ነበር።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከየቤቱ ወንበርና በርጩማ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው በግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ድንኳን የተተከለበት ቤት ሄዶ «ማነው የሞተው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ደርሶ መቀመጥ ነው፣ ወሬው ራሱ ይመጣል። ከድንኳኑ ውስጥ «ጭስስስ» የሚል ድምፅ ሲሰማ አንዱ፣ «ምንድን ነው?» አለ። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መድኃኒት እየነፉበት ነው፤ ዘመድ ከሩቅ እስኪደርስ እንዲቆይ» አለው። የቀለሙም ሽታ አብሮ ስለወጣ ሁሉም አመነ።

ወደ ራሴ ልመለስ። ሁለተኛውን ዙር ነፍቼ ስጨርስ ወጣቱ፣ «አሁን ሩብ ሰዓት ጠብቁ» አለ። ማዳመጫውን አውጥቼ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ሰማሁ።

ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሞቷል፤ እኔ ደግሞ የእድሩን ድንኳን ይዤ ፓራፋንጎ እየቀባሁ ነው። ሐዘንተኞቹ ድንኳን አጥተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ምን ብዬ ነው የምወጣው? ቢያንስ ሟቹን ልወቅ ብዬ ጆሮዬን ወደ ሸራው አስጠጋሁ።

«እንደሱ ያለ ትሑት ልጅ ከየት ይገኛል?» አሉ እትዬ ጽጌ እያለቀሱ። «አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ይገባል።»

«አስተዋይ ነበር» አለ አንድ የወንድ ድምፅ። «ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም።»

«ሰው አክባሪ!» አለች ሌላዋ።

ማን ይሆን ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሰው በቅርቤ እየኖረ ሳላውቀው መቅረቴ ቆጨኝ። የዋና መነጽሩ ውስጥ እንባ ሞላ፤ ግማሹ የቀለሙ ሽታ ያመጣው ሊሆን ይችላል። «ነፍስ ይማር» አልኩ በለሆሳስ። በዚህ መሃል ጋሽ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጥሩ ልጅ ነበር» አሉ። «የቆሻሻ ፌስታሉን ማታ ማታ እኔ በር ላይ ያስቀምጥ ነበር እንጂ።»

ያኔ ነው ራሴን ያወቅኩት።

መጋረጃውን ፈትቼ ወጣሁ። እንዴት እንደምመስል አላሰብኩም። ፀጉሬ፣ ቅንድቤ፣ እጄ፣ ልብሴ ግራጫ ሆኗል፤ ሰው የሚመስለው መነጽሩ የሸፈነው ብቻ ነው። «እኔ ነኝ እኮ፣ አለሁ!» አልኩ ከማስኩ ሥር። አንድ ሰው ወንበሩን ይዞ ሸሸ። አንዲት ሴት በስመ አብ ብላ ጀምራ ወልድ ላይ ቀረች። ጋሽ ይርጋ ጡሩምባቸውን እንደ ዱላ ያዙብኝ። እትዬ ጽጌ ብቻ ቀርበው ማስኬን አወረዱት፣ ጉንጬን ቆነጠጡት፣ ከዚያ በጥፊ መቱኝ፣ ከዚያ አቀፉኝ። ነገሩን አስረዳሁ። መጀመሪያ ሳቅ የፈነዳው ከወንዶቹ በኩል ነው። እኔም መሳቅ ጀምሬ ነበር።

እትዬ ጽጌ አልሳቁም። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እናትህ» አሉ።

«እናቴ ምን?»

«ሁለት ሽማግሌዎች ልከናል። በታክሲ ሊያመጧት ሄደዋል።»

ሳቁ ባንዴ ቀጥ አለ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እናትን «ልጅሽ ትንሽ አሞት ነው፣ ነይ» ብሎ ማምጣት ነው ወጉ። ይህን ወግ ግን የማታውቅ እናት የለችም። ትንሽ አሞት ነው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እናቴ ራሷ ስንቱን አምጥታበታለች። ደወልኩላት፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ሽማግሌዎቹ ጋ ደወልኩ፤ መርዶ ይዘው ስለሄዱ ወሬ እንዳያመልጥ ስልካቸውን ዘግተውታል። ተነስቼ ልሄድ አልኩ፤ በምን? ስኩተሯ ራቁቷን ቆማለች። በታክሲ ብሄድ ደግሞ መንገድ ላይ እንተላለፋለን።

ቀልድ የለም፣ ያን ሰዓት ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የደም ግፊቷን አሰብኩ። «የምትገድለው እኔን ነው» ያለችውን አሰብኩ። የወደቅኩ ቀን ደውዬ፣ «እማዬ፣ ቆሜ ወደቅኩ» ብላት ኖሮ ስቃ ስኩተሯን ታስሸጠኝ ነበር፤ በቃ። አንድ ጭረት ከእሷ ልደብቅ ብዬ ድንኳን ተከልኩባት።

«ድንኳኑን እናፍርሰው!» አለ አንዱ። «ደርሳ ድንኳን ካየች አለቀላት!»

ለቀስተኛው ሁሉ ተነስቶ ገመድ ይፈታ ጀመር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ «ቀስ በሉ፣ አልደረቀም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አፈርኩና ዘጋሁት። ሸራው ፕላስቲኮቹ ላይ ወደቀና ተጣበቀ። እስከ ዛሬ በእድሩ ድንኳን ላይ የፓራፋንጎ ቅርጽ ታትሞ አለ፤ ጋሽ ታደሰ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ መጀመሪያ እሱን ያዩና ቀጥለው እኔን ያያሉ።

ምሰሶው ሳይነቀል ታክሲው ደረሰ።

እናቴ ወረደች። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ደግፈዋታል። በቤት ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋለች፤ በሁለት እጇ ፔርሙስ ደረቷ ላይ አቅፋለች። ግማሹ የወደቀውን ድንኳን አየች። የቆመውን ሰው አየች።

«እማዬ» አልኩ።

ቀስ ብላ መጣች። ጉንጬን በጣቷ ነካችና ጣቷ ላይ የቀረውን ግራጫ ተመለከተች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀለም ነው። ወድቄ ነበር እማዬ። ምንም አልሆንኩም፣ ቆሜ ነው የወደቅኩት። ስኩተሯ ተጫረች። አንቺ እንዳታዪው ብዬ...» ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ተናዘዝኩ። መሐላዬንም አልደበቅኩም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠጋ ብለው፣ «ትንሽ አሞት ነው ስንላት ቆይ አጥሚት ላፍላለት አለች» አሉ። «እኛ ምን እንበላት? ታክሲ አቁመን፣ እርስ በርሳችን እየተያየን፣ እስክታፈላ ጠበቅን። መንገዱን ሙሉ ፔርሙሱን እንያዝልሽ ብንላት አልሰጠችንም።»

«ገብቶኝ ነበር» አለች እናቴ፣ እኔን እያየች። «ለሞተ ሰው አጥሚት አይያዝም አልኩ። ይህን ካልለቀቅኩት አልሞተም አልኩ።»

አንድ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። የፔርሙሱን ክዳን ፈታች፤ አጥሚቱ ይጨሳል። በክዳኑ ሞልታ ሰጠችኝ።

«ጠጣ።»

ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ ጠጣሁ። ዓይኗን ከጉሮሮዬ አልነቀለችም። ስውጥ ታያለች፤ ስጨርስ ትቀዳለች። በሁለተኛው ክዳን ላይ፣ «ሰኞ ትሸጣለች» አለች። «እሺ» አልኩ፤ እሺ ማለት እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። ሦስተኛውንም ጠጣሁ። አራተኛው ግማሽ ነበር፤ እሱንም ጠጣሁ። ፔርሙሱን ገልብጣ ምንም እንዳልቀረ አየች፣ ክዳኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ ገጠመችና አጥብቃ አሰረችው።

ማልቀስ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።